እባብ ያየ በልጥ በረየ፦ የመኪና አደጋ በዓይኑ ያየ ሰው እንዴት ይረጋጋ?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ስለ ምርጥ ዘርም አይደለም። ስለ ሰው ልብ ነው። ልብ ክፉ ነገር አይታ ስትደነግጥ ምን ትሆናለች? ደንግጣስ እንዴት ትመለሳለች? ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ቢኖር ከጎናችሁ ያለውን ጠይቁ።

ያ የገበያ ቀን

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዓለምገና አድርጎ ወደ ቡታጅራ የሚወርደውን አስፋልት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሶዶ ወረዳ ያልፋል። የጢያ ትክል ድንጋዮች ያሉበት አገር ነው። መንገዱ ጠቃሚ ነው። እህሉም በእሱ ይሄዳል፣ የታመመውም ሰው በእሱ ይሄዳል። ነገር ግን መንገዱ የገበሬውን አገር ለሁለት ይከፍለዋል። የአንዱ ገበሬ ቤት ከአስፋልቱ ወዲህ፣ ማሳው ከአስፋልቱ ወዲያ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት እኔና ጓደኞቼ እዚያ አካባቢ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ ለማስተማር ዘምተን ነበር። ሐምሌ እንደገባ አንድ የገበያ ቀን ትምህርት አልነበረንም። እኔም ሳሙናና ጨው ልገዛ ወጣሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አስፋልቱ ረጥቦ ያብለጨልጫል።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ወጣት አህያውን እየነዳ ከገበያ ይመለሳል። ከወዲህ በኩል ደግሞ ከክፍላችን ተማሪዎች አንዱ የሆኑ ገበሬ ቆመዋል። ዕድሜያቸው ሃምሳ ይሆናል። ስማቸውን አልጽፍም፤ ራሳቸው «ታሪኩን ጻፈው፣ ስሜን ግን ተወው» ብለውኛል። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እዚህም እንዲሁ ልበላቸው።

ጋሼ ልጁን ያውቁታል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አንተ! ጤፍ ስንት ዋለ?» ብለው ጠሩት።

ልጁ ዞር አለ። ፈገግ አለ። ሊነግራቸው ወደ እኛ ተራመደ። ከቁልቁለቱ አንድ አይሱዙ ጭነት ሞልቶ እየበረረ መጣ። ፍሬኑ ጮኸ። ጎማው ግን አልያዘም።

የቀረውን አልተርክም። መተረኩ ለማንም አይጠቅምም። ልጁ እዚያው አረፈ። አህያዋ ጭነቷን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ነጠላውን አውልቆ አለበሰው። ሴቶች ጮኹ። ጎረምሶች ድንጋይ ይዘው ወደ ሾፌሩ ሮጡ፤ ሽማግሌዎች መሀል ገብተው አቆሟቸው። ሾፌሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ይዞ ነበር። በኋላ ፖሊስ መጣ። ልጁም ወደ አባቱ ቤት ተወሰደ። ዕድሩ ተጠራ። ድንኳን ተተከለ። ሰዉ ሁሉ ልቅሶ ደረሰ።

ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዕድር ለሞተው ሰው ቤተሰብ ነው። ቆሞ ላየው ሰው ዕድር የለውም። ያየ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ያየውንም ለብቻው ያቅፋል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ነው።

ጋሼ ከክፍል ቀሩ

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ ከክፍል ቀሩ። አንድ ቀን ቀሩ፤ ሁለት ቀን ቀሩ። ሳምንት ሞላቸው። እሳቸው ከማንም ቀድመው የሚመጡ ተማሪ ነበሩ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ደህና አልነበርኩም። ጠመኔ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌሊት የፍሬን ድምፅ ይሰማኝና ብድግ እል ነበር። እህል አልበላ አለኝ። «እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ለሰው ብናገር ይስቁብኛል» ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ስህተት ነበር።

በስምንተኛው ቀን ከጓደኛዬ ጋር ወደ ጋሼ ቤት ሄድን። ባለቤታቸው ቡና አፈሉልን። እንዲህም አሉን፦

«ልጆቼ፣ እሳቸው እኮ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ሌሊት ይጮሃሉ። ቀን ይተክዛሉ። ማሳው ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ አስፋልቱን አልሻገርም ብለዋል። ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ደርሷል። ሳይዘራ ቢያልፍ ምን እንበላለን?»

ይህ ቀልድ አይደለም። ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ሐምሌ ካለፈ፣ ነሐሴም ከገፋ ጤፍ መዝሪያው ያልፋል። ሐምሌ ማንንም አይጠብቅም።

ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። አረቄ አረቄ ይሸታሉ። ቀና ብለው አዩኝና እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ገዳዩ እኔ ነኝ። ባልጠራው ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር።»

የምመልሰው ጠፋኝ። «አይ ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ፣ የእግዜር ፈቃድ ነው» አልኩ። እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ንግግሬ አልጠቀማቸውም።

ልብ ለምን እንዲህ ትሆናለች?

በማግሥቱ ወደ ጤና ኬላ ሄድኩና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነገሩን ሁሉ አጫወትኳት። የራሴንም ነገርኳት። እሷ ያስረዳችኝን በኋላም ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ሰው ድንገት ሞትን ሲያይ ሰውነቱ «ሩጥ! ተከላከል!» ይባላል። ልብ በኃይል ይመታል። ትንፋሽ ይፈጥናል። ጡንቻ ይገተራል። አፍ ይደርቃል። ይህ ፈጣሪ ለሰውም ለእንስሳም የሰጠው መጠበቂያ ነው። ክፋት የለውም።

ችግሩ አደጋው ካለፈ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ትሉ የለም? የሰው ልብም እንደዚያ ውሻ ናት። ጅቡ ከሄደ ሰንብቷል፤ እሷ ግን ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ትጮሃለች። የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ትጮሃለች። ረጥቦ የሚያብለጨልጭ አስፋልት ሲታይ ትጮሃለች። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚባለውም ይኸው ነው።

አደጋ ያየ ሰው ከሚታዩበት ምልክቶች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

ያየው ነገር ሳይፈልግ በዓይኑ ላይ ይመጣበታል። ቅዠት ይበዛበታል።

በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል። እንቅልፍ ያጣል። በቀላሉ ይቆጣል።

አደጋው የደረሰበትን ቦታ ይሸሻል። ስለ ነገሩ ሲነሳ ተነስቶ ይሄዳል።

አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይሰማውም። ልቡ እንደ ድንጋይ ይሆንበታል። «ለምን አላለቀስኩም? ክፉ ሰው ሆንኩ እንዴ?» ብሎ ራሱን ይጠረጥራል። ክፉ ሰው አይደለም። ይህም የድንጋጤ አንዱ መልክ ነው።

ብዙው ሰው ደግሞ ራሱን ይወቅሳል። «ባደርግ ኖሮ፣ ባላደርግ ኖሮ» ይላል።

ይህ ሁሉ እብደት አይደለም። ጋኔንም አይደለም። የወንድነት ጉድለትም አይደለም። የደነገጠ ልብ ሥራ ነው። ብዙው ሰው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሻለዋል። በተለይ ሰው ከጎኑ ካለ ይሻለዋል።

ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከአሥሩ ሟቾች ዘጠኙ በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ይህ ቁጥር የሞቱትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ቆሞ ያየው ሰው በቁጥሩ ውስጥ አይገባም። እሱን መቁጠር ያለብን እኛው ጎረቤቶቹ ነን።

ምን አደረግን?

የጤና ሠራተኛዋ «ጋሼን አትሟገቷቸው፤ ስሟቸው» አለችኝ። «የእግዜር ፈቃድ ነው ስትላቸው አፋቸውን ዘጋህባቸው» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች ድርጅቶች በፈረንጆች 2011 ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሆን መመሪያ አውጥተዋል። መመሪያው በሦስት ቃል ይጠቃለላል። ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። እነዚህን ሦስት ቃላት በደብተራችሁ ጻፏቸው።

አንደኛ፣ ማየት። ሰውየው በልቷል? ተኝቷል? ብርድ መቶታል? ብቻውን ነው? አደጋ በደረሰበት ሰዓት ያየውን ሰው ከቦታው ዞር አድርጉት። አስቀምጡት። ጋቢ አልብሱት። ውሃ ስጡት። ለተጎዳው ሰው ግን በአፉ ውሃ አታፍስሱ፤ ይታነቃልና። ለተጎዳው በስልክ ቁጥር 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ።

ሁለተኛ፣ መስማት። «ንገረኝ፣ ንገረኝ» ብላችሁ አታስጨንቁት። መናገር የፈለገ ዕለት ይናገር። ሲናገር አታቋርጡት። «አይዞህ፣ ከዚህ የባሰም አለ» አትበሉት። ዝም ብሎ አጠገቡ መቀመጥም እርዳታ ነው። ልቅሶ ቤት ሄደን ሳንናገር እንቀመጥ የለም? እንደዚያው ነው።

ሦስተኛ፣ ማገናኘት። ሰውየውን ከቤተሰቡ፣ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼሁ፣ ከጓደኞቹ፣ አስፈላጊም ሲሆን ከጤና ባለሙያ ጋር አገናኙት።

እንግዲህ እንደገና ወደ ጋሼ ቤት ሄድን። ቡና ተፈላ። እኔ መጀመሪያ የራሴን ተናገርኩ። «ጋሼ፣ እኔም ሌሊት ሌሊት የፍሬኑን ድምፅ እሰማለሁ። እጄም ይንቀጠቀጣል» አልኳቸው።

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተም?» አሉ።

«እኔም» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ መናገር ጀመሩ። አንድ ቀን ጥቂት፣ ሌላ ቀን ትንሽ ጨመር አድርገው። በሦስተኛው ቡና ላይ አለቀሱ። ባለቤታቸው ሊከለክሏቸው እጃቸውን ሲዘረጉ የጤና ሠራተኛዋ በዓይኗ «ይተዉአቸው» አለቻቸው። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚባለው አይረባም። ዝናቡን ያላወረደ ደመና አገሩን እንዳጨለመ ይቆያል።

ቃል መስጠት

ሌላም ነገር ነበር። ፖሊስ ምስክር ይፈልግ ነበር። ጋሼ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምን ብዬ እቆማለሁ?» ብለው ይሸሹ ነበር። እኔ ቃሌን ሰጥቼ ነበርና «ያዩትን ብቻ ይናገሩ፤ ጥፋተኛውን የሚለየው ሕጉ ነው» አልኳቸው። አብረን ሄድን።

ጋሼ ያዩትን በተራ ተናገሩ። የት ቆመው እንደነበር፣ ልጁ የት እንደነበረ፣ መኪናው ከየት እንደመጣ፣ መንገዱ ርጥብ እንደነበር፣ ጭነቱ ምን ያህል እንደነበር ተናገሩ። መርማሪው ጻፈ። ሲጨርስ የጣት ቀለሙን አቀረበላቸው።

ጋሼ «ቆይ ልጄ፣ ላንብበው» አሉ።

ወረቀቱን አነሱ። ጣታቸውን በየቃሉ ሥር እያስኬዱ ማንበብ ጀመሩ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «ልጁ ሮጦ ገባ ይላል። እኔ እንዲህ አላልኩም። ዞር ብሎ ተራመደ ነው ያልኩት» አሉ። መርማሪው መዝገቡን አይቶ «እውነትዎ ነው» ብሎ አስተካከለ። ጋሼም በገዛ እጃቸው ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ።

ወገኖቼ፣ ማንበብ ለምን ይጠቅማል የሚል ሰው ካለ ይህን ንገሩት። ለሞተ ሰው እውነት ይጠብቃል።

ሲመለሱ በመንገድ ላይ እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ ነገሩን በተራ በተራ ስናገረው ለራሴም ተሰማኝ። ለካ ቁልቁለቱም ነበር። ለካ ፍጥነቱም ነበር። ለካ ዝናቡም ነበር። እኔ ሌሊት ሳስበው የኔ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማኝ።»

የራስ ወቀሳ እንዲህ ነው። ከብዙ ምክንያቶች መሀል አንዱን ብቻ ያነሳና ሸክሙን ሁሉ በእሱ ላይ ይጭናል። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ መናገር ሸክሙን በየቦታው ያደላድለዋል።

የሟች አባት ምን አሉ?

ጋሼ ልቅሶ ቀን በድንኳኑ ዳር ቆመው ተመልሰው ነበር። የሟችን አባት ዓይን ለማየት አልደፈሩም። አሁን «ልሂድ፣ ልንገረው» አሉ።

የጤና ሠራተኛዋ «ብቻዎን አይሂዱ፤ መጀመሪያ ሽማግሌ ይጠይቅልዎ» አለች። ልክ ነበረች። ሐዘንተኛ ቤት ድንገት ገብቶ ሸክምን መዘርገፍ ቁስሉን ይነካል። ሽማግሌዎች ሄደው አባትየውን ጠየቁ። «ይምጣ» አሉ።

ሄድን። ጋሼ ቆመው፣ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው፣ «ወንድሜ፣ የጠራሁት እኔ ነበርኩ» አሉ።

አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«እኔ ነኝ ወደ ገበያ የላክሁት። እናቱ ናት ጨው አልቋል ያለችው። እንዲህ ከተቆጠረማ አንተ ሦስተኛ ነህ፤ ከፊትህ እኔና እሷ አለን። ተቀመጥ። አንተ የጠራኸው ለሰላምታ ነው።»

ጋሼ ተቀመጡ። ሁለቱም አለቀሱ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ትርጉሙ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሐዘን ጌጥ አይሆንም። ሲካፈሉት ግን ይቀላል።

የማይጠቅሙ ነገሮች

አረቄ አይጠቅምም። ሰው «እንቅልፍ ያመጣልኛል» ብሎ ይጠጣል። ለጊዜው ያስተኛል። ሌሊቱን ግን ያባንናል፤ ቀኑን ያስተክዛል። በኋላ አረቄው ራሱ ሌላ በሽታ ይሆናል። ጫትም እንቅልፍ ላጣ ሰው መልካም አይደለም።

ከሱቅ ወይም ከሰው የተገኘ የእንቅልፍ ኪኒን አትዋጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2013 ባወጣው ምክር አንዳንድ የማረጋጊያና የእንቅልፍ መድኃኒቶች በመጀመሪያው ወር ለእንዲህ ያለ ድንጋጤ እንዳይሰጡ ይላል። ኪኒን የሚታዘዘው በባለሙያ ነው።

የአደጋውን ፎቶ በስልክ አንስቶ ለሰው ማሳየት ነውር ነው። የሟች እናት አንድ ቀን ታየዋለች። ያላየውም ሰው አይቶ ይታመማል።

ሾፌሩን መደብደብም አይጠቅምም። ሾፌሩን ለፖሊስ አስረክቡ። የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር መዝግቡ፤ አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ። ደም በደም አይታጠብም። ሾፌሩም ቢሆን ሌሊት ያንን ፍሬን የሚሰማ ሰው ነው።

ሕፃናትስ?

በዚያ ቀን ከብት የሚጠብቁ ልጆችም አይተው ነበር። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከዚያ ወዲህ መኝታዋ ላይ መሽናት ጀመረች። ከእናቷ ጉያ አልወጣም አለች። በጭቃ መኪና እየሠራች ደጋግማ ትጋጭ ነበር። እናትየዋ ተቆጥታ ልትገርፋት ነበር።

ልጆችን አትግረፉ። ልጅ በአፉ መናገር ያቃተውን በጨዋታ ይናገራል። ከጎኑ ተቀመጡ። ሲጠይቅ እውነቱን በአጭሩ ንገሩት። «ተኝቷል» ወይም «ሩቅ አገር ሄዷል» አትበሉት፤ እሱም መተኛት ይፈራል። «ሞቷል፤ ሁላችንም አዝነናል፤ አንተ ግን ከእኛ ጋር ነህ» በሉት። በተለመደው ሰዓት ይብላ፣ ይተኛ፣ ወደ ትምህርት ቤት ይሂድ። የለመዱት ነገር ልጆችን ያረጋጋል።

መቼ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ?

ሰውየው ወር ካለፈውና ካልተሻለው፣ ሥራ መሥራት ካቃተው፣ መጠጥ ካበዛ፣ ወይም «መኖር አልፈልግም» ካለ ጊዜ አታጥፉ። በተለይ የመጨረሻውን የሰማ ሰው ያንኑ ቀን ይውሰደው፤ ብቻውንም አይተወው።

«ለዚህማ ሩቅ ከተማ መሄድ አለብን» የሚል ሰው አለ። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በዚሁ በሶዶ ወረዳ ከ2003 እስከ 2011 ዓ.ም. ፕራይም የሚባል ፕሮግራም ነበር። በፕሮግራሙ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሰልጥነው የአእምሮ ሕመምተኞችን በየአካባቢያቸው ያክሙ ነበር። የጤና ጣቢያ ነርስ የልብን ሕመም ሊረዳ እንደሚችል ታይቷል። ስለዚህ መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ጠይቁ። እነሱ ወደሚቀጥለው ይልካሉ። ጸበሉም፣ ዱዓውም፣ ምርቃቱም ይቀጥል። ሐኪም ጸሎትን አይከለክልም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል አባቶች።

ጤፉስ?

አሁን ወደ ጋሼ ማሳ ልመለስ። ሐምሌ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል። ጋሼ አሁንም አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ጎረቤቶች በደቦ እንዝራልዎ አሏቸው። መልካም ሐሳብ ነበር። ጋሼ ግን «እኔስ መቼ ልሻገር?» አሉ።

ከዚያ ራሳቸው አንድ ነገር አሰቡ። «በሬ አንዴ ወንዝ ላይ ከወደቀ ያንን መሻገሪያ እምቢ ይላል። በዱላ ብትመታው ይብሳል። መጀመሪያ ዳር ላይ ታቆመዋለህ። ሣር ታበላዋለህ። በማግሥቱ እግሩን ታስነካዋለህ። በሦስተኛው ቀን ሌላ በሬ ይቀድመዋል፤ እሱም ይከተላል። ሰውስ ከበሬ ያንሳል?» አሉ።

የጤና ሠራተኛዋ ሰምታ ሳቀች። «ሐኪሞቹም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት» አለች።

በመጀመሪያው ቀን መንገዱ በሚታይበት ርቀት ላይ ተቀመጥን። መኪና ሲያልፍ ጋሼ ላብ አጠመቃቸው። ቀስ ብለው ተነፈሱ። በአፍንጫ አስገብተው፣ በአፍ ቀስ ብለው አስወጡ። እስኪረጋጉ ድረስ አልተነሳንም። በሁለተኛው ቀን ጠርዙ ድረስ ሄድን። በሦስተኛው ቀን አንድ ጎረቤት ቀደመ፣ ጋሼ መሀል ሆኑ፣ እኔ ከኋላ ሆንኩ። ግራ አየን። ቀኝ አየን። እንደገና ግራ አየን። ተሻገርን።

ጋሼ ማዶ ሲደርሱ ዘወር ብለው ልጁ የወደቀበትን ቦታ አዩ። «ነፍስህን ይማር» አሉ። ከዚያ ወደ ማሳው ወረዱ።

ደቦው ተጠራ። ማሳው ታረሰ፣ ከብት ተነድቶበት ተረገጠ። በሐምሌ የመጨረሻ ቀናት ጋሼ ጤፉን በእጃቸው በተኑ።

ሁሉም ነገር ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። ዘመቻችን አልቆ ስንለያይም ጋሼ ጥሩምባ ሲሰሙ ትከሻቸው ይነሳ ነበር። የእኔም እንዲሁ። ነገር ግን ይተኛሉ። ይበላሉ። አረቄውን ትተዋል። ክፍልም ተመልሰዋል። አሁን ሰው ከመንገድ ማዶ ሲያዩ አይጠሩም። ተሻግረው ሄደው ነው የሚጠይቁት። ለልጆቻቸውም ይህንኑ አስተምረዋል። የገበሬ ማኅበሩም በስብሰባ ተነጋግሮ፣ በገበያ ቀን ከብትና ሕፃን ይዞ በአስፋልት የሚሄድ ሰው መኪናውን ፊት ለፊት እያየ በዳር እንዲሄድ ተስማምቷል።

ወገኖቼ፣ ዕድራችን ሬሳ ያነሳል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከእንግዲህ አንድ ነገር እንጨምርበት። አደጋ በደረሰ ቁጥር «ማን አየ?» ብለን እንጠይቅ። ያየውን ሰው ቤት ሄደን ቡና እንጠጣ። አንድ ስኒ ቡናና አንድ የሚሰማ ጆሮ ከማንም ቤት አይጠፋም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጋሼ ለምን ራሳቸውን ወቀሱ? የሟች አባት መልስ ምን ያስተምረናል?

2. ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት ማለት ምን ማለት ነው? እያንዳንዱን በራሳችሁ ቃል አስረዱ።

3. አደጋ ያየ ሰው አረቄ ቢጠጣ ምን ይሆናል?

4. በቀበሌያችሁ ክፉ አደጋ አይቶ ዝም ያለ ሰው ታውቃላችሁ? በዚህ ሳምንት ማን ሄዶ ይጠይቀዋል? ስሙን በደብተራችሁ ጻፉና ሂዱ።